ኮኦፕ ወይስ ኤፍስዌፕ? በካናዳ ፌዴራል መንግሥት ከተማሪነት ወደ ቋሚ ሥራ የሚወስዱ መንገዶች

ካናዳ ውስጥ ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ባለበት ቤት አንድ ጥያቄ አይጠፋም። «የመንግሥት ሥራ በምን በኩል ነው የሚገባው?» ብዙ ሰው የሚያውቀው አንዱን መንገድ ነው። ማስታወቂያ ሲወጣ ያመለክታል፣ ፈተና ይቀመጣል፣ ከዚያ ወራት ይጠብቃል። ለተማሪ ግን ከዚህ የሚያጥር መንገድ አለ። ተማሪ ሆኖ ፌዴራል መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሲመረቅ፣ ሥራውን የሚያውቅ ማናጀር ያለ ማስታወቂያ ሊቀጥረው ይችላል። በመሥሪያ ቤቶቹ ውስጥ ይህ አሠራር ብሪጂንግ ይባላል።

ስለዚህ የተማሪ ሥራ ሲመረጥ መታየት ያለበት የሰመሩ ደሞዝ ብቻ አይደለም። ሥራው ሲያልቅ የትኛውን በር ከፍቶ ይተዋል? እኔ ሁሉንም የማነጻጽረው በዚህ ጥያቄ ነው።

አስቀድሜ አንድ ብዙ ሰው የሚያሳስት ነገር ላጥራ። ካናዳ ሰመር ጆብስ የሚባለው ፕሮግራም ከስሙ የመንግሥት ሥራ ይመስላል። አይደለም። መንግሥት ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች፣ ለአነስተኛ የግል ድርጅቶችና ለመሳሰሉት የደሞዝ ድጎማ ይሰጣል። ከ15 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶችን የሚቀጥሩት እነዚያ ድርጅቶች ናቸው። በዚህ ፕሮግራም ማኅበረሰብ ማዕከል ውስጥ የሠራ ልጅ ጥሩ ልምድ ያገኛል፣ ሲቪውም ላይ ያምራል። የፌዴራል መንግሥት ተማሪ ሠራተኛ ግን አልነበረም። ለብሪጂንግ አይቆጠርለትም።

ሦስቱ መግቢያዎች

እውነተኛዎቹ የፌዴራል የተማሪ መግቢያዎች ሦስት ናቸው። ሦስቱም የሚመሩት የፌዴራል መንግሥት ቅጥርን በሚከታተለው በፐብሊክ ሰርቪስ ኮሚሽን ነው። ደሞዙ በፕሮግራም አይለያይም። የተማሪ ደሞዝ ስኬል የሚወጣው የመንግሥት ወጪና ደሞዝ በሚወስነው በትሬዠሪ ቦርድ ሲሆን የሚታየው የትምህርት ደረጃና ልምድ ነው። ስለዚህ «የትኛው የተሻለ ይከፍላል?» በሚለው ጊዜ አታጥፉ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ኤፍስዌፕ፣ ማለትም የፌዴራል የተማሪዎች የሥራ ልምድ ፕሮግራም፣ ለሁሉም ክፍት ነው። የሁለተኛ ደረጃ፣ የሴጄፕ (ከሁለተኛ ደረጃ ቀጥሎ ያለው የኩቤክ ኮሌጅ)፣ የኮሌጅም ሆነ የዩኒቨርሲቲ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ማመልከት ይችላል። ማመልከቻው አንድ ነው፤ በመንግሥት የሥራ ድረ ገጽ ላይ ይሞላል፣ ከዚያ ትልቅ ቋት ውስጥ ይገባል። ተማሪ የሚፈልግ ማናጀር መስፈርቱን ለኮሚሽኑ ያስገባል፤ ሲስተሙ ከሚያሟሉት መካከል ስሞችን በዘፈቀደ አውጥቶ ይልክለታል።

በዘፈቀደ የሚለው ቃል ላይ ቆም በሉ። ውጤታችሁ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ስማችሁ ካልወጣ ማንም አያየውም። ስማችሁ የመውጣቱን ዕድል የምታሰፉት ፎርሙ ላይ በምትመርጡት ነው። የምትሠሩባቸውን ከተሞች፣ የምትችሉትን ሥራ፣ ቋንቋውን፣ የኮምፒውተር ችሎታውን። አንድ ከተማ ብቻ መርጦ፣ ሙያ ብሎ አንድ ነገር ጠቅ አድርጎ «አልደወሉልኝም» የሚል ተማሪ ብዙ ነው። እውነት የምትችሉትን ሁሉ ምረጡ። የማትችሉትን ግን አትንኩ፤ ኢንተርቪው ላይ ይታወቃል።

አዲሱ ዙር ብዙውን ጊዜ ኦክቶበር አካባቢ ይከፈታል። በየዓመቱ አዲስ ማመልከቻ ማስገባት ያስፈልጋል። የሰመር ቅጥር የሚጧጧፈው ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ባሉት ወራት ነው። ሜይ ላይ ማመልከት ዘግይቷል ባይባልም ብዙው ቦታ ተይዟል።

ኮኦፕ ሌላ ዓይነት ነገር ነው። እዚህ መካከል ላይ ትምህርት ቤቱ አለ። ተማሪው በትምህርት ቤቱ የኮኦፕ ወይም የኢንተርንሺፕ ፕሮግራም ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ሥራውም የትምህርቱ አካል ነው። መሥሪያ ቤቱ የሥራ ማስታወቂያውን ወደ ትምህርት ቤቱ ይልካል። ተማሪው የሚፈልገውን ሥራ አይቶ፣ ለዚያ ሥራ የተጻፈ ሲቪ ያስገባል። ማናጀሩም ሲቪዎቹን አንብቦ ራሱ ይመርጣል።

ዕጣ የለም ማለት ነው። ጎበዝ የሆነ፣ የተዘጋጀ፣ ሲቪ መጻፍ የተማረ ልጅ ጉብዝናው ይታይለታል። እኔ ኮኦፕን የማስቀድመው ዋናው ምክንያት ይሄ ነው። ሌላም አለ። የሥራ ጊዜው አብዛኛውን ጊዜ 4 ወር ነው፤ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች 8፣ 12 ወይም 16 ወር ይፈቅዳሉ። በጃንዋሪ፣ በሜይና በሴፕቴምበር ይጀምራል። ሁሉም ሰው ለሰመር ሲሯሯጥ፣ በጃንዋሪ ለሚጀምር ሥራ የሚወዳደረው ሰው ያነሰ ነው። ስምንት ወር አንድ ቢሮ የቆየ ተማሪ ደግሞ ስም ብቻ ሳይሆን ሥራ ትቶ ይወጣል። ማናጀሩ ይህን ልጅ ማጣት ኪሳራ መሆኑን የሚያውቀው በስድስተኛው ሳምንት አይደለም።

ካናዳ ውስጥ ኮኦፕ ሥር የሰደደ ነው። የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ሲጀመር ምህንድስናን በኮኦፕ ነው የጀመረው። በኩቤክ ሸርብሩክ ዩኒቨርሲቲ በ1966 ተከተለ። ኦታዋ ያሉት ኦታዋ ዩኒቨርሲቲና ካርልተን ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶቹ ጎረቤት ናቸው፤ ይህ ቅርበት ይጠቅማል።

ጉድለቱስ? ኮኦፕ ክፍያ አለው፤ ትምህርት ቤቱ ለፕሮግራሙ ተጨማሪ ገንዘብ ያስከፍላል። ውጤት መስፈርት አለው። ብዙ ቦታ ምዝገባው በመጀመሪያው ዓመት ወይም በሁለተኛው መጀመሪያ ስለሆነ፣ በሦስተኛ ዓመት ስለ ኮኦፕ የሰማ ልጅ ባቡሩ አምልጦታል። ምረቃንም ያዘገያል። ወላጆች ይህንን መዘግየት እንደ ውድቀት አትዩት። አንድ ዓመት ዘግይቶ በሥራ ልምድ የተመረቀ ልጅ፣ በሰዓቱ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሲያመለክት ከሚቆይ ልጅ የተሻለ ቦታ ላይ ነው።

ሦስተኛው የምርምር ተባባሪዎች ፕሮግራም ሲሆን ራፕ ይባላል። ተግባራዊ ምርምር ለሚሠሩ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው። ላብራቶሪ ወይም የዳታ ሥራ ውስጥ ያለ የማስተርስ ተማሪ ፕሮፌሰሩን ይጠይቅ። ሌላው ተማሪ ሊያልፈው ይችላል።

ታዲያ የቱን? ትምህርት ቤታችሁ ኮኦፕ ካለውና ክፍያውን መቻል ከቻላችሁ ኮኦፕ ግቡ፤ ኤፍስዌፕንም አብራችሁ ሙሉ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ኮኦፕ የሌላችሁ ከሆነ ኤፍስዌፕ ብቸኛው ዋና በር ነውና በየዓመቱ ሳትሰለቹ አመልክቱ። ኤፍስዌፕ በትምህርት ወቅት በትርፍ ሰዓት መሥራት ስለሚፈቅድም፣ ሥራው ጥሩ ከሆነ ከሰመር በኋላ በሳምንት ጥቂት ሰዓት መቀጠል ይቻላል። ደግሞም አንዴ ከገባችሁ ዕጣው ያበቃል። ተማሪነታችሁ እስከቀጠለ ድረስ ያው ማናጀር ወይም ሌላ መሥሪያ ቤት መልሶ ሊቀጥራችሁ ይችላል። የመጀመሪያው ሥራ ያን ያህል ባይማርካችሁም ብዙ ጊዜ መቀበል የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ሁለት ሥራ ቢቀርብላችሁ

እዚህ ላይ ነው ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት። የመሥሪያ ቤቱን ስም አይተው ይመርጣሉ። የውጭ ጉዳይ ሲባል ያምራል፤ የአንድ ክፍል የዳታ ማጽዳት ሥራ ሲባል አያምርም። እናንተ ግን ሌላ ነገር ጠይቁ። ይህ ቡድን የሚቀጥራቸው ቋሚ ሠራተኞች በየትኛው የሥራ መደብ ላይ ናቸው? የእኔ ትምህርት ለዚያ መደብ ይበቃል?

በፌዴራል መንግሥት እያንዳንዱ መደብ ዝቅተኛ የትምህርት መስፈርት አለው። ኢሲ በሚባለው የኢኮኖሚክስና የማኅበራዊ ሳይንስ መደብ ለመቀጠር በኢኮኖሚክስ፣ በሶሲዮሎጂ ወይም በስታቲስቲክስ ተቀባይነት ያለው ትኩረት ያለበት ዲግሪ ያስፈልጋል። አይቲ መደብ ቢያንስ የሁለት ዓመት የኮምፒውተር ነክ ትምህርት ይጠይቃል። ፒኤምና ኤኤስ የሚባሉት የፕሮግራምና የአስተዳደር መደቦች ግን መነሻቸው የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ነው፤ ሲአር የሚባለው የጽሕፈት ሥራ ከዚያም ያንሳል። ማናጀሩ ከዚህ በላይ ሊጠይቅ ይችላል፤ ከዚህ በታች ግን አይችልም።

ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? ፖለቲካል ሳይንስ የሚማር ልጅ ሙሉ ቡድኑ ኢሲ የሆነ ቢሮ ውስጥ ሁለት ዓመት ቢሠራ፣ ሁሉም ቢወደው፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ የሚፈለጉት ኮርሶች ከሌሉ ማናጀሩ እጁ ታስሯል። ይህን በሁለተኛ ዓመት የሚያውቅ ልጅ ጥቂት የስታቲስቲክስና የኢኮኖሚክስ ኮርሶች ጨምሮ ራሱን ያድናል። በአራተኛ ዓመት ያወቀ ይቆጨዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ማናጀራችሁን ጠይቁ። «እዚህ ቡድን ውስጥ በቋሚነት ለመቀጠር ምን ዓይነት ኮርስ ያስፈልጋል?» ጥያቄው ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚጠየቀው ቡድኑ ከዚህ በፊት ተማሪዎችን አስቀርቶ ያውቅ እንደሆነ ነው። ባለፉት ዓመታት ተማሪ የነበሩ ሰዎች አሁን ቋሚ ሆነው እዚያው ካሉ፣ ማናጀሩ የብሪጂንግን የወረቀት ሥራ ያውቀዋል ማለት ነው። ይህ ከመሥሪያ ቤት ስም ይበልጣል።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ። የካናዳ ገቢዎች ኤጀንሲ፣ የብሔራዊ ምርምር ካውንስልና የምግብ ቁጥጥር ኤጀንሲን የመሳሰሉ ተቋማት የራሳቸው የቅጥር ሕግ አላቸው። ጥሩ ቀጣሪዎች ናቸው። ግን ከእነሱ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ወይም ወደ እነሱ ብሪጅ ለማድረግ ካሰባችሁ ደንቡን ቀድማችሁ አጣሩ።

ስለ ፈረንሳይኛ አጭር ቃል ልበል። ኦታዋ አካባቢ ብዙ ቋሚ ቦታዎች ሁለቱንም ቋንቋ ይፈልጋሉ፤ የሚለካውም በኤ፣ ቢ እና ሲ ደረጃዎች ነው። ተማሪ ሆኖ ለመግባት ፈረንሳይኛ ላያስፈልግ ይችላል፤ ቋሚ ለመሆን ግን ብዙ ጊዜ ማነቆው እሱ ነው። ቶሮንቶ፣ ካልጋሪ ወይም ኤድመንተን ያሉ ቢሮዎች እንግሊዝኛ ብቻ የሚበቃባቸው ቦታዎች በብዛት አሏቸው። ፈረንሳይኛ የሌለው ልጅ በዚህ ምክንያት ብቻ የክልል ቢሮን ቢያስቀድም ትክክል ነው።

የደኅንነት ማጣሪያ

የትኛውም መንገድ ቢመረጥ ክሊራንስ፣ ማለትም የደኅንነት ማጣሪያ፣ አለ። ዝቅተኛው የታማኝነት ማረጋገጫ ሲሆን ያለፉትን 5 ዓመታት ያያል፤ ሚስጥራዊ የሚባለው ደረጃ 10 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ከካናዳ ውጭ የኖራችሁበት ጊዜ በዚያ ውስጥ ካለ ተጨማሪ ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላል፤ ጊዜም ይወስዳል። የ4 ወር ሥራ ክሊራንስ ሲጠበቅ ግማሹ ሊያልቅ ይችላል።

የእኛ ልጆች እዚህ ላይ ሁለት ልዩ ችግር አላቸው። አንዱ ስም ነው። የአባትና የአያት ስም በአንዱ ሰነድ አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት ሆሄ ተጽፎ ይገኛል። ሁለተኛው የልደት ቀን ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የነበረው ሲገለበጥ የተዛባ። ፓስፖርት፣ የነዋሪነት ካርድና የትምህርት ሰነድ እርስ በርስ መመሳሰላቸውን ሥራ ሳይመጣ አረጋግጡ። የኖራችሁባቸውን አድራሻዎችም ከነቀናቸው አሁኑኑ ጻፉ። ሁለት ሥራ ከቀረበላችሁና ክሊራንሱ የሚያዘገያችሁ ከመሰላችሁ፣ ዝቅተኛውን ደረጃ የሚጠይቀውን ምረጡ።

ዜግነትም ይታያል። ለሕዝብ ክፍት በሆነ የመንግሥት ቅጥር ቅድሚያ የሚሰጠው ለካናዳ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ነው፤ ከ2021ዱ የሕግ ማሻሻያ ወዲህ ሁለቱ በእኩል ይታያሉ። በስተዲ ፐርሚት (በትምህርት ፈቃድ) ያለ ተማሪ ማመልከት አይከለከልም፤ ተራው ግን ከኋላ ነው። ለእሱ ኮኦፕ ከኤፍስዌፕ በብዙ ይሻላል፤ ማናጀሩ ሲቪውን የሚያይበት ዕድል አለና።

ሲመረቁ፦ ብሪጂንግ፣ ተርም ወይስ ካዡዋል?

ብሪጂንግ መብት አይደለም። ማናጀሩ ቦታ፣ በጀትና ፍላጎት ሲኖረው የሚያደርገው ነው። ሕጉ ቅጥር በብቃት እንዲሆን ያዛል፤ ነገር ግን ለአንድ ቦታ ከአንድ ሰው በላይ የግድ መታየት አለበት አይልም። ብሪጂንግ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ተመራቂው የመደቡን መስፈርት ማሟላት አለበት፤ ከምረቃ በኋላ እስከ መቼ ድረስ ይቻላል የሚለውንና ሌላውን ዝርዝር እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በራሱ ፖሊሲ ይወስናል። በብሪጂንግ የሚገኘው ሥራ ቋሚ ወይም ተርም ሊሆን ይችላል።

ቋሚው ከተሰጠ ጥያቄ የለውም። የ12 ወር የሙከራ ጊዜ አለው፤ እሱን መወጣት ነው።

ተርም ማለት የተወሰነ ጊዜ ቅጥር ነው። ብዙ ቤተሰብ «ኮንትራት ነው» ብሎ ይንቀዋል። አትናቁት። ተርም ሠራተኛ ለመንግሥት ሠራተኞች ብቻ በሚወጡ የውስጥ ውድድሮች መወዳደር ይችላል። ተማሪና ካዡዋል (በጣም ለአጭር ጊዜ የሚቀጠር ሠራተኛ) ይህ ዕድል የላቸውም። በዚያ ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት ሳይቋረጥ 3 ዓመት የሠራ ተርም በደንቡ መሠረት ወደ ቋሚነት ሊለወጥ ይችላል። ልብ በሉ፣ በጊዜያዊ በጀት ለሚካሄድ ፕሮግራም የተቀጠረ ሰው ያ ጊዜ ላይቆጠርለት ይችላል። ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት የበጀቱን ዓይነት ጠይቁ።

ካዡዋል በአንድ መሥሪያ ቤት በአንድ የካላንደር ዓመት ከ90 የሥራ ቀን አይበልጥም። ወደ ቋሚነት የሚቆጠር ነገር የለውም። የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው፦ የብሪጂንግ ወረቀት እስኪያልቅ ክፍተቱን ለመሙላት። ማናጀሩ «ወረቀትህ ተጀምሯል፣ እስከዚያ ካዡዋል ሁን» ካለ ተቀበሉ። ወረቀት ሳይጀመር «ለጊዜው ካዡዋል፣ ከዚያ እናያለን» ካለ ግን እየሠራችሁ ሌላ ቦታ ማመልከታችሁን አታቁሙ።

አሁን ያለው ሁኔታ ቀላል አይደለም። የፌዴራል ሠራተኛው ቁጥር በ2024 ወደ 368,000 ገደማ ደርሶ ነበር። የኖቬምበር 2025 በጀት በ2028–29 ወደ 330,000 ገደማ ለማውረድ አቅዷል። ይህ ተመራቂን በቀጥታ ይነካዋል። ማናጀር ማንንም ብሪጅ ከማድረጉ በፊት፣ ሥራቸውን ያጡና የቅድሚያ መብት ያላቸው ሠራተኞች ለቦታው ብቁ መሆን አለመሆናቸውን ማጣራት አለበት። ማናጀሩ ቢወዳችሁም ቦታው ለሌላ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ወቅት የሚቀርብላችሁን ተርም ቋሚ እስኪመጣ ብላችሁ አትግፉት። ወደ ክፍለ ሀገርና ወደ ከተማ አስተዳደር ሥራዎችም ጎን ለጎን አመልክቱ።

እኔን ከሁሉ የሚቆጨኝ ጎበዝ ልጆች ሳይጠይቁ መውጣታቸው ነው። ይሉኝታ ይይዛቸዋል። «ከፈለጉኝ ይነግሩኛል» ይላሉ። ማናጀሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተማሪው የሚመረቅበትን ወር እንኳ አያውቅም። ተማሪነታችሁ ሲያበቃ የተማሪ ቅጥሩም ምክንያቱን ያጣል፤ ወረቀቱ ግን ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ንግግሩ የሚጀመረው ከመመረቃችሁ ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ቀደም ብሎ ነው። ቀጠሮ ያዙ፣ ኦፊሴላዊው ባይሆንም ትራንስክሪፕታችሁን ይዛችሁ ግቡ፣ በግልጽ ተናገሩ። «በዚህ ወር እመረቃለሁ። እዚህ መቀጠል እፈልጋለሁ። ብሪጅ የማድረግ ዕድል አለ? ከሌለስ አዲስ ተመራቂ ፈላጊ ለሆነ ሌላ ቡድን ልታስተዋውቁኝ ትችላላችሁ?» የመጨረሻዋን ጥያቄ አትርሷት። የእናንተ ማናጀር ቦታ ባይኖረው እንኳ ቦታ ያለውን ሰው ያውቃል፤ ስለ ሥራችሁም መመስከር የሚችለው እሱ ነው።